ሻሼ ያዘነች የመሰለችኝ ቀን

የኔ አልማዝ፣ ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። የቀን ውሎዬን በምጽፍበት ደብተር ላይ ዛሬ ለአንቺ እጽፋለሁ፤ የምነግርሽ ስለ ድመትሽ ስለ ሻሼ ነው።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ሶማሌ ተራ ያለውን ሱቅ እኔው እከፍታለሁ፣ እኔው እዘጋለሁ። መጋረጃውን አጥቤ መልሼ ሰቀልኩት፤ ተንጋዷል። ሻሼንም የስኳር በሽታ መርፌዋን ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ፤ እንደ አንቺ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጌ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ በሕይወት ሳለሽም እቀናባት ነበር። እኔ እራቴን ብተው «ምሳ በዝቶበት ነው» ትያለሽ፤ እሷ ምግቧን አሽትታ ከተወች ግን ፊትሽ ይለዋወጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ሁዳዴ ሲገባ የሰፈራችን ልኳንዳ ተዘጋ፤ ቀድሜ የገዛሁላት ሥጋም ቅዳሜ አለቀ። እሑድ ጠዋት ለሻሼ ሽሮ የነካ እንጀራ ሰጠኋት፤ አሽትታ ትታው ሄደች። እኔ ደግሞ ሰዓት አላዛንፍም፤ የተለመደውን ያህል ወጋኋት። ረፋዱ ላይ እየተንገዳገደች መጥታ አልጋው ላይ አንቺ ትተኚበት በነበረው በኩል ተዘረረች። ትንቀጠቀጣለች፤ ስጠራት ዓይኗ እኔን አያይም። አንቺን ናፍቃ መሰለኝ። ይኸው ከእኔ ይልቅ እሷ አዘነች ብዬ ተናድጄ ወጣሁ።

በር ላይ ጎረቤታችን ከድር አገኘኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ድመት ደግሞ ሐዘን ትቀመጣለች? ለመሆኑ በልታለች?»

ሽሮ መስጠቴን ስነግረው ሳቁ ጠፋ። «እትዬ አልማዝ በሁዳዴ ከእስላም ልኳንዳ ሥጋ የሚያስመጡላት በእኔ ነበር እኮ! ሳትበላ ከተወጋች ስኳሯ ይወርዳል፤ ማር ድዷ ላይ እሽላት ብለው አደራ ሰጥተውኝ ነበር።»

አደራውን ለከድር! ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? በእሱም ቀናሁ፤ ግን ሮጥኩ።

እንዳያንቃት ማሩን ጉሮሮዋ ውስጥ አላፈሰስኩም፤ በጣቴ ድዷን አሸሁት። እያሸሁ ሳለ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ይህች ብትሞት በዚህ ቤት አንቺን የሚያውቅ እኔ ብቻ እቀራለሁ፤ ሙሉ በሙሉ የእኔ ትሆኛለሽ አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ጨምሬ አሸሁላት።

ጥቂት ቆይታ ምላሷን አወጣች፤ ቀና አለች። ከድር ሮጦ ያመጣውን ሥጋ ቀማመሰች። በካርቶን አድርገን ሐኪሟ ጋ ወሰድናት። ሐኪሟም ተቆጣችኝ፤ ሻሼ ምግብ እምቢ ስትል ሳልደውል እንዳልወጋት፣ የማታውንም እሷ ሳትፈቅድ እንዳልሰጣት አስጠነቀቀችኝ።

አሁን ደህና ናት። ማር ያላስኳት እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ስጠራት ግን አትመጣም። ይከነክነኛል፤ አልዋሽሽም።

አልማዝዬ፣ አልረሳሽም። አንቺን ማሰብ የብቻዬ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ይቅርብኝ። ሻሼ በሕይወት እስካለች ድረስ ከእሷ ጋር እካፈልሻለሁ።