በሃምሳው የጾመው ሰው

ውድ ወንድሜ ሐምዱ፣

«ከኋላ አራት ናቸው፤ ሞልቷል!» አለ የሚኒባሱ ረዳት ለሾፌሩ።

ግራና ቀኜን አየሁ። በግራዬ ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ በቀኜ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ መካከል ላይ እኔ። «ወንድሜ፣ ሦስት ነን» አልኩት፤ ዶሮዋን ቆጥሮ መስሎኝ ነበር። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና በትሕትና፣ «ልክ ነዎት ጋሼ፤ እኔ በቦታ ነው የቆጠርኩት» አለኝ።

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ባለቤትህ ዑሙሰልማ ባረፈች ዕለት፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስመጣ ነው። እዚህ ላይ ደብዳቤውን ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ፣ «መኪናው ግንደወይን ላይ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቀርተህ አልነበር እንዴ?» እንደምትል አውቃለሁ። መኪናው አልተበላሸም ሐምዱ። ግንደወይንን ሳንቆም ነው ያለፍነው።

የደወልክልኝ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። «መምህር፣ ዑሙ ሄደች» አልከኝና ዘጋኸው። ወዲያው ተነሣሁ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቁርሴን ጨርሼ ነው የተነሣሁት። ይህ ደብዳቤ እውነት ይሁን ካልን ሁሉም ይነገር። ሞጣ ስደርስ ጀናዛው ከቤት ወጥቷል። ባጃጅ ያዝኩ፤ የሚነዳው ኸይረዲን የሚባል፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ከመቃብሩ ኮረብታ ሥር ስንደርስ «እዚህ አቁም» አልኩት፤ አቆመ። ሰዉ አጋማሹ ላይ ነበር። አንተን በጀርባህ ለየሁህ፤ ቃሬዛው ትከሻህ ላይ ነው።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ወጣሁ። መጀመሪያ ጉልበቴ እንቢ አለ፤ ቀጥሎ ትንፋሼ። አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ስነሣ ፊቴን ያዞርኩት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ባጃጁ ነበር። ዑሙሰልማ አፈር ስትለብስ ከባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አየሁ። ሰው መውረድ ሲጀምር «ወደ መናኸሪያ ንዳው» አልኩ። ማታ ደወልኩልህና ደኅናውን ሚኒባስ ግንደወይን ላይ አበላሸሁት።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስህ ስመጣ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ቃሬዛውን ይዤ ሳለሁ አንተን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞሬ ነበር።» እኔም «የመኪና ነገር» አልኩህ። አንተም «የመኪና ነገር» ብለህ ራስህን ነቀነቅህ። አላህን የምትፈራ ሰው ነህና አመንከኝ። ያ ማመንህ ነው ስምንት ወር እንቅልፍ የነሣኝ።

የዚህ ሁሉ ውፍረት መነሻ ማን እንደሆነች መቼም አትስተውም። ሞጣ ታሪክ ሳስተምር፣ ግቢያችሁ ውስጥ ባለችው አንድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያንተ ሥጋ ላንተ፣ የእኔ ሥጋ ለእኔ ነበር፤ ማንም ማንንም አልተቀየመም። ጾም ሲገባ ግን ገበታው አንድ ይሆናል፤ ሽሮ ላይ የሚጣላ ሃይማኖት የለም። ለዚህ ነው ዑሙሰልማ የእኔን ዐቢይ ጾም እንደ ሠርግ ቀን የምትጠብቀው። «መምህር፣ ጾምህ መቼ ነው የሚገባው? ተልባው እንዳያልቅብኝ» ትለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምስሩ፣ የሽምብራ አሳው፣ የሱፍ ፍትፍቱ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። «ጨምር እንጂ መምህር፣ ጾመኛ ነህ እኮ!» ትላለች። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ለብቻው የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ድርሻ ነበረኝ፤ ቀኑን ሳይጾም የሚያፈጥር ሰው ሞጣ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የሁለት ሃይማኖት ጾም በልቼ ነው የወፈርኩት።

እሷን ለመቅበር ኮረብታ መውጣት ያቃተኝ በእሷው እጅ ነው ብል፣ በሕይወት ብትኖር ከሁሉ በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች።

ፋሲካ እንዳለፈ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ጸደንያ የተባለች፣ በልጅነቷ ያስተማርኳት ነርስ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። መቶ አራት ኪሎ። ጉልበቴን ወዲህ ወዲያ አጣጥፋ አየችና፣

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ ጥፋት የለበትም፤ የጫኑበትን ነው የተሸከመው» አለችኝ። «ለምን ጾም አይሞክሩም?»

«ልጄ፣ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ እጾማለሁ።»

ሚዛኑን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ፣ «እሱ የምግብ ዓይነት ነው ጋሼ፤ ይሄ የሰዓት ነው። ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ይሉታል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ይበላሉ፤ ከዚያ ውጪ ውሃ ብቻ» አለችኝ።

«በሰዓቱ ከሆነ ሥጋም ይበላል?»

«ይበላል፤ በልኩ።»

ሥጋ እየበሉ የሚጾሙት ጾም! አባቶቻችን ይህን ሳይሰሙ ማለፋቸው አሳዘነኝ። «በልኩ» የሚለውን ቃል ግን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ኪሎዬ አልነቃነቅ ሲል።

ጥፋቴ የጀመርኩበት ቀን ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀመርኩት። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት እኛ ዘንድ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም አሥራ አንድ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ታውቃለህ። እኔ ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬበት ረሳሁት። ለካ ነርስ ያዘዘችው ነገር ጾም አልመሰለኝም ነበር።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ወይዘሮ አገሬ ቤት የጊዮርጊስ ማኅበር ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠበል ጻዲቁ ቀረበ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ዶሮው ወጣ። እኔ እጄን ሰበሰብኩ።

«ምነው መምህር?» አለች ወይዘሮ አገሬ።

«ስድስት ሰዓት አልሞላም።»

ሐምዱ፣ በሃምሳው፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ የማኅበር እንጀራ ላይ «ሰዓቱ አልደረሰም» ያለ ሰው ቢቸና አይታ አታውቅም። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ «ምን ቢሠራ ነው አንቺ፣ ጰራቅሊጦስ እስኪደርስ እንኳ መጠበቅ ያልቻለ ኃጢአት?» ስትል ሰማሁ።

በሳምንቱ ገበያ ሦስት የተለያዩ ኃጢአቶች ነበሩኝ። አንደኛው ደብረ ማርቆስ የሚኖር ልጅ ነው። ሁለተኛው የወንድሜን የእርሻ ድንበር መግፋቴ ነው፤ ወንድም ግን የለኝም። ሦስተኛውን ባለቤቴ ፈንታነሽ ልትነግረኝ አልፈቀደችም። የመጀመሪያውን ግን ራሷ አነሣችው።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች።

«ማን?»

«የደብረ ማርቆሱ ልጅ።»

«ምንም ልጅ የለኝም እዚያ።»

«ከሌለህ ለምንድን ነው የምትጾመው?»

«ለጉልበቴ!»

«ለጉልበቱ!» አለች ለሽንኩርቱ። ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቴ እየተቀመጠች እንቁላል ፍርፍር በላች። እንቁላል ያን ያህል አትወድም ነበር።

ከዚያ የንስሐ አባቴ አባ አካለ ወልድ መጡ። በዕድሜ ሃያ ዓመት ያንሱኛል፤ «ልጄ» ይሉኛል። ገና ሳይቀመጡ፣ «ልጄ፣ በምን በደልኩህ?» አሉኝ።

«ኧረ አባ! ምን በደሉኝ?»

«ሌላ የንስሐ አባት ይዘሃል። ይሁን፣ መብትህ ነው። ግን በሃምሳው የጾም ቀኖና የሚሰጥ ካህን ማነው? ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«ሲስተር ጸደንያ ናት አባ።»

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሲበቃቸው ደግሞ፣ «እሺ፣ ጉልበትህ ምን እንዲያደርግልህ ነው ይህን ሁሉ የምትሆንለት? ከቤትህ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሜዳ ነው» አሉኝ።

ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው፤ ኮረብታውን፣ ድንጋይዋን፣ ባጃጁን፣ ያልተበላሸውን መኪና። አንተ ሁለት ጊዜ እንደዞርክም ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። «እንግዲያ ሕዝቡ አልተሳሳተማ» አሉ። «ኃጢአቱን ነው እንጂ የሳቱት፣ ኃጢአት መኖሩንስ አልሳቱም።»

«ምን ላድርግ አባ?»

«እስከ ጰራቅሊጦስ ብላ፤ ሃምሳውን አታፍርስብኝ። ከዚያ በኋላ የነርሷ ሰዓት ቀኖናህ ነው። ኮረብታውን ውጣው። ስትጨርስ ለእኔ አትንገረኝ፤ ለሰውየው ንገረው።»

ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ ጾሜ ጤና ጣቢያም ቤተ ክርስቲያንም የተስማሙበት ሆነ። እንዲህ ያለ ስምምነት በታሪክ ብዙ አላስተማርኩም።

እንዴት ነበር ትለኝ ይሆናል። ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው። ጎረቤት ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ የሽንኩርቱን ዕድሜ እስክለይ ድረስ አፍንጫዬ ሠለጠነ። በፍልሰታ ሁለቱ ጾሞች ሲደራረቡብኝ በውኔ የዑሙሰልማን ተልባ አየሁ። ግን ለመድኩት። አሁን ጠዋት ስነሣ ሆዴ ቀላል ነው፤ ጤዛው ሳይረግፍ እስከ ከተማው ዳር ደርሼ እመለሳለሁ፤ ስመለስ ፈንታነሽ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች፤ እንቁላሉን ትታዋለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። በመስከረም ሚዛኑ ዘጠና አንድ አለ። የሚኒባሱ ረዳትም አሁን ሦስት ብሎ ነው የሚቆጥረን።

ባለፈው ሐሙስ ሞጣ መጣሁ። ከልጅህ ከሀሲና ጋር ለዓይንህ ሕክምና ባሕር ዳር መሄድህን አውቄ ነው የመጣሁት፤ ሳልወጣው ብቀር የሚያይ ሰው እንዲኖር አልፈለግሁም። ኸይረዲንን መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ኮረብታው ሥር ስንደርስ፣

«እንደዚያን ቀኑ እዚሁ ላቁም ጋሼ?» አለኝ።

«እዚሁ።»

አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን መውጣት ጀምሬ ነበር።

ጠፍጣፋዋን ድንጋይ አወቅኋት፤ አለፍኳት። አራት ጊዜ ቆምኩ። አራቱንም ጊዜ አገሩን የምመለከት መስዬ ነው የቆምኩት፤ ከሁለት ፍየሎች በቀር የማስመስልበት ሰው አልነበረም። ሀሲና በስልክ እንደነገረችኝ የዑሙሰልማን መቃብር ወይራው ሥር አገኘሁት። «ዑሙ፣ ዘገየሁ» አልኳት። «መኪናው አልተበላሸም ነበር።» አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩላት፤ ጎረቤቶቿ ቅር እንዳይላቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት አልፏል። የምበላበት ሰዓት ከገባ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ትዝ አላለኝም።

ሐምዱ፣ ያን ቀን ዞር ባልክ ጊዜ ከሥርህ ነበርኩ፤ እያየሁህ ነበር። መዋሸቴ ሳይሆን፣ አንተ ወደ ኋላ ስታይ እጄን አለማንሣቴ ነው የሚቆጨኝ። ብትቆጣኝ ይገባኛል። ብትስቅብኝ ይሻለኛል።

በመጪው ጥር ሰደቃ ስታወጡላት እመጣለሁ፤ ኮረብታውን ከጎንህ ሆኜ እወጣዋለሁ። አራት ጊዜ መቆሜን ብቻ ታገሠኝ። ሀሲና ሽሮ የምትሠራልኝ ከሆነ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይሁን በላት።

ዓይንህን አላህ ይማርልህ፤ ይህን በራስህ ዓይን እንድታነበው እመኛለሁ።

በጾሙ ቤትህን የበላው ወንድምህ፣
ኃይለ ጊዮርጊስ
ቢቸና

ሳልነግርህ እንዳልቀር፦ ከኮረብታው የወረድኩት በባጃጅ ነው። ኸይረዲን መቆየቴ አሳስቦት እስከ መቃብሩ በር ድረስ መጥቶ ነበር። በማዶ በኩል ከገበያው የሚነሣ ደልዳላ የጠጠር መንገድ አለ፤ ከተሠራ ስድስት ዓመቱ ነው።