ሦስት ጊዜ እምቢ

አባን 4
ከተማችን ረሽት ዛሬም ዝናብ፤ የአባን ወር ሁሌም እንዲህ ነው። ልብስ አልደርቅ አለ። የተለመደ ቀን... እስከ ከሰዓት። የባሌ የኪዩማርስ የምርመራ ውጤት ደረሰ፦ ጨጓራው ውስጥ ባክቴሪያ፣ ሲቆይ ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ዓይነት። ደነገጥኩ። አባቱ በጨጓራ ካንሰር ነው የሞቱት። እሱ ግን ይቀልዳል። "ካባቴ የወረስኩት ይህን ብቻ ነው!"

ዶክተር ሰሚዒ ከተለመዱት አንቲባዮቲኮች ጋር አንዲት ትንሽ የኮሌስትሮል ክኒን ጨመረችለት። ለጨጓራ የስብ መድኃኒት? "ባክቴሪያውን ለማጥፋት ሳታግዝ አትቀርም፣ ገና እየተጠና ነው" አለችኝ። "ይቺ ዓይነቷ ከሌሎቹ ጋር አትጣላም። በላይዋ ግን ምንም እንዳይጨምር።"

አባን 6
አክስቱ ሙኒረህ መጡ። ክኒኗን አይተው ሳቁ። "ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች? የኔን አታያትም!" ከራሳቸው የኮሌስትሮል መድኃኒት አንድ ፓኬት አወጡ። ኪዩማርስ አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ፣ ሦስቴ እምቢ... የአገራችንን ወግ አደረሰ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። "ተቀበላቸው እንጂ፣ አታስቀይማቸው" አልኩት። ተቀበለ። ከራሱ ክኒን ጋር ደርቦ ዋጣት፣ ነገም ይቀጥላል። ያው የስብ አይደል?

አባን 10
እግሬን፣ እግሬን ይላል። ደረጃ መውጣት አቃተው። "አርጅተሃል" ብዬ ሳቅሁበት።

አባን 11
ሽንቱ ጠቆረ! ሲንተከተክ የዋለ ሻይ መሰለ። 

ሆስፒታል ወሰድኩት። ጡንቻው እየፈረሰ ነው፣ ኩላሊቱን እየጎዳው ነው አሉ። "ሌላ የወሰድከው ነገር አለ?" አለችው ዶክተር ሰሚዒ። አክስቱ ምሳ ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል። አያቸውና "የለም" አለ። የለም?! እየሞተም ይሉኝታ! ጮህኩ። "አለ! የአክስቱን ክኒን! ተቀበል ያልኩት እኔ ነኝ!"

ዶክተሯ ክው አለች። "ያቺማ ከአንቲባዮቲኩ ጋር አብራ አትዋጥም!" መድኃኒቱን ሁሉ አስቆመች። አክስቱ ምሳውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

አባን 13
ኩላሊቱ ይመለስ ይሆን? ማንም አይነግረኝም። አምላኬ...

ዴይ 2
ሰባት ሳምንት ፈጅቶ ኩላሊቱ ተመለሰ። ባክቴሪያው ግን አለ። ሕክምናው በመሐል ተቋርጦ የት ይሄዳል? ነገ እንደ አዲስ ይጀምራል።

አክስቱ ዛሬ መጡ፣ ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ገና አሁን። የቅጠል ውኃ በጠርሙስ ይዘዋል። "ለጨጓራ ፍቱን ነው። ቅጠል ብቻ!"
"እምቢ አክስቴ" አለ ባሌ።
"ትንሽ ብቻ።"
"እምቢ።"
"ለኔ ስትል።"
"እምቢ።"
እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። እሱ እኔን አየኝ።
"እምቢ ብሏል፣ አክስቴ" አልኩ።
ፊቴ ነደደ። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ተቀየሙ ብዬ ስሸማቀቅ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።
"ልጄ፣ ያን ቀንስ እንዲህ ብትዪኝ ምን ነበረበት?"