የአሳው መብራት መንታ

ውድ ቬርና፣

ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው እንደማታነቢው አውቃለሁ። ባለፈው የላክሁልሽን ደብዳቤ የመጀመሪያዋን መስመር አንብበሽ እንደጨረስሽ ተመልሰሽ እሷኑ እንደምታነቢ፣ ሁለተኛዋ ጋ እንዳልደረስሽ የምትኖሪበት መጦሪያ ቤት ነርስ ነግራኛለች። ስለዚህ ዋናውን ነገር እዚያችው የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ልጽፈው አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ዙሪያውን እንደምዞር ታውቂያለሽ። ታውቂ ነበር ማለቴ ነው።

ቤታችን ለሽያጭ ቀረበ። ያስዋበችው የልጅ ልጃችን ብሪታ ናት፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። ዛሬ እዚህ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ቤት እንዲሁ አይሸጥም። መጀመሪያ ሰው ኖሮበት እንደማያውቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ደስተኛ ሰዎች እንደሚኖሩበት ይደረጋል። ዓይኗን ያሰለጠንሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ሳር ላይ ዘርግተው ሲሸጡ፣ የሰባት ዓመቷን ልጅ ከነፒጃማዋ መኪና ውስጥ እየጫንሽ ከሁሉም ሰው ቀድመሽ ትደርሺ ነበር።

ገና እንደገባች የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ከግድግዳ ማውረድ ጀመረች።

«ምን በድለንሽ ነው የምታወርጂን?» አልኳት።

«አባባ፣ ገዢው ሲገባ የራሱን ልጆች ነው ማየት ያለበት። የእናንተን ካየ እንግድነት ይሰማዋል።»

«እኔንስ ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«አንተን ጋራዥ አስገባሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ተላጭ።»

አፏን ከማን እንደወረሰች አትጠይቂኝ።

መጻሕፍቱን፣ ቀለማቸው አይስማማም ብላ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙራ ደረደረቻቸው። አልጋችን ላይ ዘጠኝ ትራስ ከመረችበት። ላም እንኳ ካልቸገራት የማትበላው ደረቅ ሳር በረጅም የአበባ ማስቀመጫ አቆመች። አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ደግሞ ሶፋው ላይ ሰው ጥሎት የሄደ እንዲመስል ሃያ ደቂቃ ስታስተካክለው ቆየች። «እኔ እኮ በአንድ ሰከንድ እጥልልሽ ነበር» ብላት አልሰማችኝም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሳህን ሙሉ አረንጓዴ ፖም አየሁና አንዱን አንስቼ ነከስኩት። ፕላስቲክ ነው። የሰው ሠራሽ ጥርሴ ምልክት ቀረበት። ብሪታ የተነከሰውን ጎን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤቱ አማረ። ያናደደኝም እሱ ነው።

አንድ ዕቃ ብቻ አላስወጣም አልኳት፤ የአሳ መብራትሽን። ጅራቱ ላይ የቆመውን፣ አፉን ከፍቶ አምፖል የሚተፋውን አረንጓዴ የሸክላ አሳ። ደረጃው አጠገብ ካለው መስኮት ሥር፣ በክር የሠራሻቸው ሁለት ትንንሽ ክብ ምንጣፎች ያሉበት መደርደሪያ ላይ እንደቆመ ነው። በግራው ላይ አሳው አለ። የቀኙ ባዶ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አቧራውን እየጠረግሽ ባዶውን ያቆየሽው።

እንግዲህ ዙሪያውን ዞሬ ጨረስኩ።

አሳውን መጀመሪያ ያመጣሽው ቅዳሜ እኔ ምን እንዳልኩ ታስታውሺ ይሆን? «አንዱ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ወይ እኔ ወይ አሳው» አልኩሽ። «ሻንጣህ አልጋው ሥር ነው» አልሽኝ። አሳው ሁለት ዓመት አፈጠጠብኝ። ከዚያ የራሳችንን ግቢ ሽያጭ ባደረግን ቀን፣ አንቺ የሎሚ ውሃ ልታመጪ ስትገቢ፣ አሳውን አውጥቼ ከጎረቤት ከተማ ከቱ ሃርበርስ ለመጣ አንድ ሰው ሸጥኩት። ለአንቺ ግን «ምድር ቤት አስቀምጬዋለሁ» አልኩሽ። ለጨዋታ ነበር፣ ቬርና። በሳምንቱ ልነግርሽና ልትጮኺብኝ፣ ከዚያ ልንስቅ ነበር።

ሳልነግርሽ ዓመት ዞረ። አንድ ቅዳሜ ከቱ ሃርበርስ ተመለስሽ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፈሽ። «መንታውን አገኘሁት» አልሽ። ፊትሽ እንደ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። የራስሽን መብራት መልሰሽ ገዝተሽ መጣሽ። በሳቅ ልፈነዳ ስለነበር ጋዜጣዬን ፊቴ ላይ ዘረጋሁ። አንቺ የመጀመሪያውን አምጥተሽ ከጎኑ ልታቆሚው ምድር ቤት ወረድሽ።

ሦስት ቀን ፈለግሽው። የገና ጌጡን ሣጥን ሁሉ ገለበጥሽ። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እጅሽ አቧራ ለብሶ፣ «ኦርቪን፣ ጭንቅላቴን ምን ነካው? አንድ ትልቅ አሳ እንዴት ይጠፋብኛል?» አልሽኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልደትሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ለልደትሽ ቀን አቆየሁት። ልደትሽ ሲደርስ አንቺ ማስታወሻ ደብተር ገዝተሽ ዕቃ የት እንዳለ መጻፍ ጀምረሻል። አፈርኩ። ዝም አልኩ።

ሌላው ከዚህ ይብሳል። እውነተኛው መርሳት ሲመጣ፣ «እየረሳሁ ነው» ስትይኝ፣ እኔ አሳው እንዳልጠፋብሽ የማውቀው ሰው «ምንም የለብሽም» እያልኩ ሁለት ዓመት ሐኪም ሳታዪ አቆየሁሽ። ቀልዴን እንጂ በሽታሽን አላየሁም። ሐኪሙ «መቼ ነው የጀመረሽ?» ሲልሽ «መብራቱ ከጠፋብኝ ጀምሮ» አልሽው። አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አሽከረከርኩ።

ስለዚህ ገዢዎች ማየት ከመጀመራቸው በፊት ባለው እሁድ ብሪታን ለምኜ ወደ ቤት አስመጣሁሽ። መብራቱ አጠገብ አስቀምጬሽ ልነግርሽ። ቦታውን ስታዪ ትዝ ይልሽ ይሆናል ብዬ ነበር።

በሩ ላይ ጫማሽን ጠረግሽ። ዙሪያውን አየሽና «ደስ የሚል ቤት ነው። ባለቤቶቹ የሉም?» አልሽ።

«ወጣ ብለዋል» አልኩ።

ብርድ ልብሱን ዳሰስሽ። ትራሶቹን አደነቅሽ። ፖሙን አንስተሽ ገለበጥሽና የጥርሴን ምልክት አየሽ። «እዚህ ቤት አንድ ቂል አለ» ብለሽ ሳቅሽ። ድሮ እኔ ላይ የምትስቂውን ሳቅ። አሁን ነው ብዬ እጅሽን ይዤ ወደ መደርደሪያው ወሰድኩሽ።

አሳውን ለረጅም ጊዜ አየሽው።

«ይሄ ግን ያስጠላል» አልሽ። «ሌላው ሁሉ እንዲህ አምሮ ይሄን ማን እዚህ አቆመው?»

«ሚስቴ ናት» አልኩ። «በጣም ትወደው ነበር። እኔ ደብቄ ሸጥኩባት። የጠፋባት መሰላት፣ አእምሮዋን ጠረጠረች። አልነገርኳትም።»

ክንዴን መታ መታ አደረግሽኝ፣ ሰው አውቶቡስ ውስጥ የሚያለቅስ ሽማግሌ እንደሚያጽናና። «ጥሩ አደረጉ» አልሽኝ። «እርስዎ ባይሸጡት እኔም እሸጠው ነበር።»

ብሪታ ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። አንቺን መልሰን ስንወጣ፣ መሪውን እንደያዘች፣ «ለምን ያኔ አልነገርካትም?» አለችኝ።

«ልደቷን እየጠበቅሁ ነበር።»

«የትኛውን ልደት፣ አባባ?»



ቤቱ በአሥራ አንድ ቀን ተሸጠ። ገዢዋ ወጣት ሴት ናት፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደረቁ ሳር ከቤቱ ጋር ይቀር እንደሆነ። ይቀራል አልኳት። እኔ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። አሳውን በግራው ምንጣፍ ላይ አቁሜዋለሁ፣ የቀኙንም ዘርግቼዋለሁ። ብሪታ መጥታ አየችው። ሌላ ቀን ቢሆን ብቻውን መሀል ላይ ቢቆም ያምራል ትል ነበር፤ ለሁሉም ዕቃ እንደዚያ ትላለች። ያን ቀን ግን የቀኙን ምንጣፍ በእጇ አቃናችው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ሳበቃ ደብዳቤው እንደማይረባ ገባኝ። እንደ አዲስ ልጽፈው ነው። በአዲሱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይኖራል፣ የመጀመሪያዋ፦ «ቬርና፣ መብራቱ አልጠፋብሽም፤ እኔ ነኝ የሸጥኩት።» አንብበሽ ስትጨርሺ ተመልሰሽ ታነቢያታለሽ፣ እንደገናም ታነቢያታለሽ። ከዚያ ነርሷን ጠርተሽ ቬርና ማን እንደሆነች ትጠይቂያታለሽ።

ቂሉ ባልሽ፣
ኦርቪን