በዴልያ ስም የመጣው ፖስታ

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃውን መውጣት ቻልሽ? እኛ ደህና ነን። ራስል ደህና ነው፤ ሰላምታ ግን አልላከልሽም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ዴልያ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ባልቴት መስላለች። እዚህ ቶሌዶ ዘንድሮ በረዶው ቀድሞ ጀምሮናል። ስልክ ያልደወልኩት ድምፅሽን ስሰማ ስለምሸነፍ ነው። በስልክ አንድ ቀን አሸንፌሽ አላውቅም።

እማ፣ ያ ዕዳ አለቀ። በስሜ ያወጣሽው ክሬዲት ካርድ ማለቴ ነው። የመጨረሻውን ሦስት መቶ አሥር ዶላር ባለፈው ወር ከፈልኩ። ስምንት ሺህ አምስት መቶ የነበረው ከነወለዱ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ወሰደብን። ሦስት ዓመት ከአራት ወር! በምን እንደከፈልነው ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ እኔው ልንገርሽ። ራስል እሁድ እሁድ መጋዘን ገባ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ኩሽና ስወጣ የሰው ቤት አጸዳሁ። የመኪናችን ማሞቂያ ሲበላሽ አላሠራነውም፤ ሁለት ክረምት ዴልያን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነው ከቦታ ቦታ የወሰድናት።

የቤት መግዣ ብድር ልንጠይቅ የሄድን ዕለት መቼም አይረሳኝም። የባንኩ ሰውዬ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረና "ይሄስ?" አለን። በስሜ የወጣ የማላውቀው ካርድ፣ በአንቺ አድራሻ። በኋላ ዝርዝሩን አስልኬ አነበብኩት። ለቤተ ክርስቲያንሽ የሰጠሽው ማቀዝቀዣ አለበት፣ ያ በሩ ላይ ስምሽ በነሐስ የተለጠፈበት። የገና ስጦታው አለበት፣ የዘመዱ ሁሉ። ለእኔ ሰርግ ያመጣሽው የሸክላ ዕቃ ሳይቀር አለበት! ኧረ እማ፣ የሰርጌን ስጦታ ራሴ ገዛሁት እኮ! ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ቸር ሴት ናት" ሲልሽ እኔም አብሬ ኮርቼ ነበር። በሰው ወርቅ መድመቅ ማለት ይሄ ነው።

ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? "ስምሽን ተዋስኩ እንጂ ምን አደረግኩሽ? እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜሻለሁ፤ አንቺ ትንሽ ዕዳ ብትሸከሚልኝ ትሞቻለሽ?" ከዚያ አለቀስሽ። ሁለተኛ አይለምደኝም ብለሽ በአባቴ መቃብር ማልሽልኝ።

ካርዱ የወጣበት ባንክ ስደውል ያነሳችው ሴት "ካርዱን ያወጡት እርስዎ ካልሆኑ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ዕዳው ይነሳልዎታል። ያደረገውን ሰው የሚያውቁት ከሆነ ግን ስሙን መናገር አለብዎት" አለችኝ። ራስል አጠገቤ ቆሞ "ንገሪያት እንጂ!" እያለ በእጁ ይወተውተኛል። እኔ ግን "ይቅርታ፣ ለካ የራሴ ካርድ ነው፤ ረስቼው ነው" አልኩ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን "እሺ፣ እንከፍላለን። እናትሽን ግን በልጄ ነገር አላምናትም" ሲለኝ ጮኽኩበት። ስላንቺ ከባሌ ጋር ተጣላሁ፣ እወቂልኝ።

ዕዳው ያለቀ ዕለት ፒዛ ገዝተን ኩሽና ውስጥ ጨፈርን። ራስል "በይ፣ አሁን ቤት እንፈልግ" አለኝ።

በሳምንቱ ዴልያ ከፖስታ ሳጥኑ እየዘለለች መጣች። "እማ፣ እማ፣ ለእኔ ደብዳቤ መጣልኝ! ስሜ አለበት!" በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። አላስነካም ብላ ራሷ ቀደደችው። እያንዳንዷን ፊደል እየቆጠረች ልታነብልኝ ሞከረችና "ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳትከፍዪ ስትቀሪ ዕዳ ሰብሳቢዎቹ እሷን ፈልገው አገኟት።

የሰባት ዓመቷን ልጅ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት አድርገሽ ካርድ አወጣሽባት። ወይ ጉድ! የሶሻል ሴኩሪቲ መለያ ቁጥሯን ከየት አመጣሽው ብዬ እንኳ እንዳልጮኽ፣ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አምና ለልደቷ "የቁጠባ ሂሳብ ልከፍትላት ነው፣ ቁጥሯን ስጪኝ" ስትዪኝ እናቴ ተለወጠች ብዬ ደስ አለኝ። ከራስል ደብቄ ዘጠኙንም ቁጥር በገዛ እጄ ጻፍኩልሽ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ እኔ አንዴ የጣለኝን ፈረስ አምኜ ልጄን ጀርባው ላይ አወጣኋት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የእኔን ቻልኩት። ስሙም የእኔ፣ እናትየዋም የእኔ ናት ብዬ ከፈልኩ። ዴልያ ግን ምን አደረገችሽ? ኮሌጅ ልትገባ፣ ቤት ልትከራይ በሄደች ቁጥር የአንቺ ዕዳ ከፊቷ ተቀምጦ ይጠብቃት? ራስል ፖስታውን ሲያይ ስልኩን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና ልጅቷን ይዟት ወጣ። ባንክ ደወልኩ፤ ያነሳችው ሴት ያችው ትሁን ሌላ አላውቅም፣ እሷም ያደረገውን ሰው ስም ጠየቀችኝ።

እማ፣ እወድሻለሁ። ይሄን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ማሸግ አልሆንልኝ አለ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ለእኔም አንቺን ቀና ብዬ ለማየት የሚያበቃኝን ፊት ይስጠኝ።

ሐሙስ ጠዋት የትም አትሂጂ። ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ በሩን ክፈቺላቸው። ወፍራሙን ካፖርትሽን ልበሺ፣ የልብ መድኃኒትሽንም ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ እስከ ማታ ሊያቆዩሽ ይችላሉ። ደግሞ ልቅሶ እንዳትጀምሪ፤ እነሱ ልጆችሽ አይደሉም።

ልጅሽ