ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ለምወድህ ልጄ፣ ለሻምበሌ፦

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲነካው ያጉረመርማል፤ ሠላሳ ዓመት ፍሬን ሲረግጥ ኖሮ ምን ያድርግ ብለህ ነው። እህትህም ደህና ናት። ዛሬ የጠዋት ተረኛ ስለሆነች ሆስፒታል ገብታለች፤ እስከ ስምንት ሰዓት አትመጣም።

እዚህ ድረስ ጽፌ ቀና ስል በመስኮቱ የጦሩን መኪና አየኋት። ታጥባ ታብረቀርቃለች። እኛ በር ላይ አልቆመችም፤ አንድ ቤት አልፋ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ነው የቆመችው። ወዲያው አወቅኩ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርዶ ነጋሪ መኮንኖችን ያመላለስኩት እኔ አይደለሁ? ባለቤቱ ሳይሰማ ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ አንድ ቤት አልፎ መቆምን ያስለመድኳቸውም እኔ ነኝ። ለእናንተ ስለዚያ ሥራ ብዙም አላወራኋችሁም። ምን ብዬ አወራችኋለሁ?

ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አንድ ሻለቃና አንድ ልጅ እግር መቶ አለቃ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው።

"ደህና አደሩ አባባ?" አለኝ ሻለቃው። ኮፍያውን ብብቱ ሥር ሸጉጧል።

"ደህና። ግቡ፣ ተቀመጡ። ለልጄ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ፤ ጨርሼ እስክመጣ ምንም እንዳትነግሩኝ።"

መቶ አለቃው ግራ ገብቶት እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ሻለቃው ክንዱን ያዝ አደረገውና "እንጠብቅዎታለን አባባ። ጊዜ አለን" አለኝ።

የሻለቃው የእጅ አንጓ ላይ ሰዓት ታስሮ የኖረበት ነጭ መስመር አለ። ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ራሱ መቶ አለቃ ሳለ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ፣ "ጌታዬ፣ ሰዓትዎን ፈተው ኪስዎ ይክተቱ። ሰውየው እያለቀሰ እርስዎ ሰዓት ካዩ ዕድሜ ልኩን አይረሳዎትም። መጀመሪያ ይቀመጥ። ከዚያ ስሙን ያስቀድሙ፤ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ" ብዬው ነበር። አልረሳም። ባለውለታዬ ነው ልበል ወይስ ምን ልበል?

እነሱ ሳሎን ናቸው፣ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነኝ። እየጻፍኩልህ እስካለሁ ድረስ ማንም ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የእጅ ጽሑፌ ዛሬ ማማሩ አይግረምህ።

ይህ ጠረጴዛ የቋንቋ ትምህርት ቤትህ ነበር፤ ታስታውሳለህ? ቀን ክፍል ውለህ ስትመጣ ደብተሩን እኔ እይዝልሃለሁ። የምትመደብበትን አገር ፊደል ከየት አባቴ አውቄው! በአማርኛ የጻፍከውን አነብልሃለሁ፣ የወዲያኛውን በመዳፌ እሸፍነዋለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። ማረሚያዬ ጆሮህ ነበር። እርግጠኛ ካልሆንክ ጆሮህ ይቀላል። "ተሳስተሃል" ስልህ "አባዬ፣ ቋንቋውን መቼ ተማርከው?" እያልክ ትደነቅ ነበር። ምስጢሩን ዛሬ ነገርኩህ። ከዚያ ሁሉ ቃል እኔ ዘንድ የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ "እባክዎ ይድገሙልኝ።" እሷን ግን እንደ ስሜ እላታለሁ።

የመጀመሪያውን የቃል ፈተና የወደቅከውም በእሷ ነበር። ፈታኙ አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቀህ፣ አልገባህም። ማስደገም ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። አንተ ግን "መኮንን ሆኜ ሲቪል ፊት አልገባኝም ልበል?" ብለህ በግምት መለስክ፤ ወደቅክ። መጥተህ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጥክና፣ "አባዬ፣ ይቅርብኝ። ማሰልጠኛው ይበቃኛል። ምልምሎቼን እወዳቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ" አልከኝ።

ምን ነበረበት "እሺ ልጄ" ብልህ? ነገር ግን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሄጄ "ልጄ ውጭ አገር ሊመደብ ነው" ብዬ ለተሰለፈው ሁሉ አውርቼ ጨርሼ ነበር። ሰውየው መቀሱን እያንኳኳ በየሳምንቱ "ሻምበል መቼ ነው የሚሄዱት?" ይለኛል። እኔ አስር አለቃ ሆኜ የመኮንን በር ስከፍት ኖሬያለሁ፤ ልጄ በሩ ሲከፈትለት ማየት አማረኝ። "መንገድ የጠፋው ሹፌር ቆሞ ይጠይቃል፤ አያፍርም። ተመልሰህ ተፈተን" አልኩህ። ምላሴን በቆረጠው። ሦስት ወር ደብተሩን ይዤ ወጠርኩህ፣ አለፍክ፣ ሄድክ። በሁለት ባላጋራዎች መሃል የሚቆም ታዛቢ ነው፣ የሚሠራው በአፉ ነው፣ ጥይት አይነካውም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ልጄ፣ የላክሁህ እኔ ነኝ። ይህን ከማንም ሳይሆን ከእኔ ስማው።

ቅድም መቶ አለቃው ውሃ ጠይቆኝ ይዤለት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን ቆሞ ያያል።

"አባባ፣ እኔም የቋንቋ ትምህርት ላይ ነኝ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የሻምበል ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ክፍላችን ውስጥ ይዞራል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 'የአባቴ ምክር' ብለው ጽፈውበታል።"

"ምን የሚል?"

"መንገድ የጠፋው ሹፌር ቆሞ ይጠይቃል፤ አያፍርም።"

ሻለቃው "ተቀመጥ" አለው። ልጁ ብርጭቆውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ አንተ ትሙትና በዚህች ደቂቃ እንኳ ኮራሁ። ቆይቶ ነው የኮራሁበት ነገር የቆረጠኝ። ስንቱን ልጅ ነው የምልከው?

ያለፈው ሳምንት እሁድ ስትደውል ስለዚያ ጎማ ጠጋኝ ሽማግሌ ነግረኸኝ ነበር። ኬላህ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስታልፍ ስታገድም አነጋገርህን ያርምሃል፤ ሲቆጣ እኔን ይመስላል አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። አሁን ግን አልቀናም። ክፉ ነገር ሲመጣ እሱ አጠገብህ ቢሆን፣ በገባህ ቋንቋ "አይዞህ ልጄ" ቢልህ፣ ውለታውን በምን እከፍለዋለሁ?

ክፍልህን እህትህ ቅዳሜ አጽድታዋለች። የመኮንንነት ሥልጠናህን ጨርሰህ የመጣህ ቀን ያደረግከውን ጫማ ቀለም ቀብቼልሃለሁ። ያን ቀን በር ላይ ቆሜ ሰላምታ ብሰጥህ አፍረህ እጄን ጎትተህ ያወረድክብኝ ትዝ ይለኛል። "እቤት ውስጥ ማዕረጉ ያንተ ነው አባዬ" አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ማዕረግ አላማረኝም።

እህትህን በስልክ እንዳይነግሯት ለሻለቃው እነግረዋለሁ። ስትመጣ እኔ ራሴ በር ላይ እጠብቃታለሁ።

በል እንግዲህ፣ ወረቀቱ አለቀ። ሰዎቹም ሥራ አላቸው፤ ያ ልጅ በኔ ምክንያት ብዙ ተሰቃየ። ያለህበት ቦታ ብርድ አይንካህ። ከፊትህ ብርሃን፣ ከኋላህ ፈጣሪ ይሁንልህ። የረገጥከው መሬት ይለስልስልህ። የእናትህ ነፍስ ትቀበልህ ልል ነበር፤ አልልም፣ ገና አልሰማሁም። በሰላም ግባልኝ ልጄ።

የምወድህ አባትህ

ሌላ ነገር፦

ገባሁና ተቀመጥኩ። ሻለቃው ስምህን አስቀድሞ፣ ልክ እንዳስተማርኩት፣ ሳይጠመዝዝ ነገረኝ። እኔም አንተ ባስተማርከኝ ቋንቋ "እባክዎ ይድገሙልኝ" አልኩት። ሻለቃው አልገባውም። መቶ አለቃው ግን ገባው፤ እንባው እየወረደ እሱ ደገመልኝ። አሁንም "እባክዎ ይድገሙልኝ" አልኩት። አሁንም ደገመልኝ።

ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል ብለኸኝ ነበር። ሁለቱንም ጨረስኩ።