ዛቢያ የሌለው ምሳር

ኅዳር 22

ብረቱን ብቻ ሰጡን! ከአንኮበር ድረስ ጠርተው፣ ደብረ ብርሃን መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን በብርድ አቁመው፣ «አዲሱ የመስክ መሣሪያችሁ» ብለው ያስረከቡን ምሳር በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ባዶ ብረት ነው። ዛቢያ የለውም። እጀታው የሚገባበትን ቀዳዳ ዐይኔ ላይ አድርጌ ኃላፊያችንን አሻግሬ አየሁት። እሱም አየኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ።

«ዛቢያውስ?» አልኩት።

«ዛቢያማ እዚያው ትሠራላችሁ፤ ጫካ ውስጥ አይደል የምትውሉት?»

ጫካ ውስጥ! እኔ እኮ ደን ጠባቂ ነኝ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ሰው ከዚያ ጫካ እንጨት እንዳይቆርጥ ነው። አምና ለሞፈር ብሎ አንዲት ጥድ የቆረጠ ገበሬ ይዤ ቀበሌ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። አሁን እኔ ልቁረጥ? ደግሞስ በምን? በጥርሴ?

ሌላ የሰጡን ነገር አንዲት ብልጭልጭ ታጣፊ ዕቃ ናት። ቢላዋ አላት፣ መጋዝ አላት፣ መቀስ አላት፣ ጠርሙስ መክፈቻ አላት። አንድ ጠመዝማዛ ሽቦ ደግሞ አላት። «ይኼ ምንድነው?» ስለው የመጋዘኑ ሰው «የወይን ጠጅ ቡሽ መንቀያ» አለኝ። በጾም! ቁንዲ ተራራ ላይ! ማጭድ የለም። ገመድ የለም። ሞረድ የለም። ቡሽ መንቀያ ግን አለ።

ከዚያ «ለብርድ ቦታ የሚሆን የተሟላ መሣሪያ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት መጣ። ሁሉም ፈረመ። የጥበቃ ጓደኛዬ ጋሽ ተክሌም ፈረመ፤ ጡረታው ደርሷል፣ ከማንም ጋር መጣላት አይፈልግም። እኔ አልፈርምም አልኩ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ «ወይዘሮ አስናቀች፣ የእርስዎ ውል የሚያልቀው በዚህ ወር መጨረሻ አይደል?» አለኝ። እያከበረ ነው እኮ የሚያስፈራራኝ፣ በ«እርስዎ»!

ኅዳር 23

እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ በንዴት። ከሦስት ቀን በኋላ እኔና ጋሽ ተክሌ ወደ ላይ እንወጣለን፤ ቁንዲ ሥር ያለችው የጥበቃ ጎጆ ውስጥ ሳምንቱን ልንሰነብት። አሁን የውርጭ ወር ነው። አምና በዚህ ሰሞን ምሳራችን ላልቶ እንጨት መፍለጥ አቅቶን፣ የጋሽ ተክሌ ጣቶች ደንዝዘው ነጭ ሆነው፣ ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነው ያሞቅኳቸው። አንዷ ጣቱ እስከ ዛሬ አትታጠፍም። ዘንድሮ እንደዚያ ከሆነ ሰው እናጣለን። ይኼ ነው የሚያናድደኝ፤ እነሱ ስለ ወረቀት ያወራሉ፣ እኔ ስለ ሰው።

ጠዋት ብልጭልጯን ልፈትናት ብዬ ግቢ ወጣሁ። በርሜሉን በረዶ ሸፍኖታል። ሰብሬ እጄን ነከርኩ፣ እስኪደነዝዝ። ከዚያ ቢላዋዋን ልክፈት ብል... ወይ ፍንክች! በጥፍር ነው የምትከፈተው። ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ እሷ አልተከፈተችም። እናቴ በመስኮት አይታኝ «ልጄን ምን ነካብኝ» አለች።

ቀዝቃዛ አገር ላይ ዕቃ እንዲህ አይመረጥም። የደነዘዘ እጅ ሊይዘው ይገባል፣ በጓንትም ይሁን በጨርቅ። አንዱ ዕቃ የሦስቱን ሥራ መሥራት አለበት፤ ምሳር ይፈልጣል፣ ጀርባው መዶሻ ነው፣ ዛቢያው ምርኩዝ ነው። ማጭድ ካለ ጓሳ ሣሩ ታጭዶ መኝታ ይሆናል፣ ይገመድና ገመድ ይሆናል። ሌላ ምን ያስፈልጋል? አንድ ጥሩ ካራ። አለቀ። ይኼን ለማወቅ አዳራሽ ተከራይቶ ሥልጠና መስጠት አያስፈልግም ነበር፤ እነሱ ግን ሰጡን፣ ከነ ለስላሳው።

የቤታችንን ምሳር ልውሰድ ብዬ ነበር። አይቻልም፤ የግል ምሳር ይዞ ደን የገባ ሰው ጨፍጫፊ ነው፣ ሕጉን እኔ ራሴ ለሰው የማነብ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የተመታበት ብረት መሆን አለበት። እሺ፣ ዛቢያውን ነቅዬ አዲሱ ብረት ላይ ላድርገው ብል የአዲሱ ቀዳዳ ሰፊ ሆኖ ውስጡ ይዋኛል። ጎረቤቴ «ባሕር ዛፍ ቁረጪና ጥረቢ፣ ምን ያስጮህሻል» አለኝ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱም ወልቆ የሰው ግንባር ይመታል። አምና የላላብን እሱ አይደል እንዴ!

ኅዳር 24

አሊዩ አምባ ወረድኩ። ገበያ ነው። በጋቢ ተጠቅልዬ ወጥቼ ታች ስደርስ ላቤ ጠብ ይላል።

ማጭድ ወዲያው አገኘሁ፤ ጥርሱ ደህና ነው፣ እጀታውም ጠንካራ። ዛቢያም አገኘሁ። የእርሻ ብረት የሚሸጡ ጋሽ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ፣ ግድግዳው ላይ ደርድረውታል፤ ወይራ ነው፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ። ደስ ብሎኝ አንዱን አነሳሁ። ከዚያ ጫፉን አየሁ። ገና እርጥብ ነው። ወይራ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚያድገው እኛ ከምንጠብቀው ጫካ ሌላ እዚህ አካባቢ የት አለ?

«ከየት ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«ወላሂ አልጠየቅኩም። አንድ ሰውዬ በአህያ ያመጣልኛል።»

«አይጠየቅም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። እኔ ተራራው ላይ በብርድ ስቆም ጀርባዬን እየጠበቁ ይቆርጡብኛል ማለት ነው!

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ደን ጠባቂ ነኝ!»

«ደን ጠባቂዋ ዛቢያ ልትገዛ መጣች?» አለ አንዱ ከኋላዬ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወይራውን ልወርሰው ሥልጣን ነበረኝ። ግን በምን አፌ? እንባዬ መጣ፣ ከንዴት የሚመጣው ዓይነት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ባዶው ብረት፣ ስለ ጋሽ ተክሌ ጣት፣ ስለ ቡሽ መንቀያው።

ጋሽ ሁሴን ጓዳ ገቡና የራሳቸውን ምሳር ይዘው ወጡ። ገልብጠው ድንጋይ ላይ ሁለቴ መቱት፣ ብረቱ ወለቀ። ዛቢያውን ሰጡኝ። ብዙ እጅ የነካው ነው፣ ይለሰልሳል።

«ይኼ ከራሴ ማሳ የተቆረጠ ግራር ነው፤ ማንንም አልሰረቅኩበት።»

ስንት ነው ብላቸው ተቆጡኝ። «አይሸጥም! እጄን የለመደ ነው። ስትወርጂ ትመልሺልኛለሽ። እስከዚያ እንጨት አልፈልጥም። ሰውዬውንም ኢንሻአላህ ስለ ወይራው እጠይቀዋለሁ።»

ዳገቱን ስወጣ ዛቢያውን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። አሁንም ግን ንዴቴ አልበረደም። መሥሪያ ቤት ያለው ሰው፣ መጋዘን ያለው ሰው፣ የአንድ ሽማግሌ ምሳር አስፈትቶ ይሥራ?

ኅዳር 25

ገጠምኩት። ልክ ገባ! ሽብልቅ መታሁበት፣ ደጋግሜ አወዛወዝኩት፣ ንቅንቅ የለም። ጋሽ ተክሌ መጥቶ በእጁ መዝኖ «አስኔ፣ አንቺ እኮ ስትናደጂ ሥራ ይሠራል» አለኝ። ሳቅን።

ኃላፊው ደወለ። «ወይዘሮ አስናቀች፣ ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረን።» ዘጋሁበት። ኔትወርክ ነው ብሎ ያስብ እንደሆነ ያስብ።

ኅዳር 27፣ ከላይ

በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ እስክሪብቶው ቀዝቅዞ እምቢ አለ። ትናንት ስንደርስ ነፋሱ የጎጆዋን ክዳን ግማሹን ወስዶታል። ጠግነነዋል ብለው ሪፖርት የጻፉት ይቺን ነው! ጋሽ ተክሌ የወደቀ የአስታ ዛፍ ፈለጠ፣ እኔ ጓሳ አጨድኩ። በምሳሩ ጀርባ ችካል ተከልን፣ ጓሳውን ከዳንበት፣ የተረፈውን ወለሉ ላይ አነጠፍነው። ጣቶቼ ሲያቃጥሉኝ ነበር እንጂ አልደነዘዙም። ዛሬ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው። እኛ ግን ሞቆን ነው ያደርነው።

ጋሽ ተክሌ ብልጭልጯን በእጁ እያገላበጠ «ወይኑ ብቻ ነው የጎደለን» ይላል።

ኅዳር 28

ጋሽ ተክሌ ወደቀ።

ጠዋት ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ውርጩ ላይ አዳለጠው። ስደርስ ቅልጥሙን ይዞ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እግሩ ልክ አልነበረም፣ ማየት አቅቶኝ ዞርኩ። ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ፤ እዚህ ማን አለው ከኔ ሌላ?

ምሳሩን ገልብጬ ድንጋይ ላይ መታሁት፣ እንደ ጋሽ ሁሴን። ብረቱ ወለቀ። ዛቢያውን ከእግሩ ጋር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በላይ አጋደምኩት። ማሰሪያ ፈልጌ ነጠላዬን ልቀደው ብል አልቀደድ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ የብልጭልጯ መቀስ ሥራዋን ሠራች፤ ጋሽ ተክሌ በአፉ ነክሶ ከፈታት። ለዚች ለዚች አመሰግናለሁ። ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። ጮኸ፣ ሰደበኝ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ።

«አስኔ፣ ወጌሻ ጋ ነው የምትወስጅኝ፣ ሐኪም ቤት አይደለም» አለኝ። እዚህ ሆኖ ትእዛዝ ይሰጠኛል!

እሳቱ አጠገብ ጓሳ ላይ አስተኝቼው፣ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ድረስ እየሮጥኩ ወረድኩ። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ጠየቅሁ። መስክ ወጥቷል አሉኝ። መስክ እኮ እኔ ነኝ! ከዚያ ታች መንደር ደወልኩ፤ እነሱ ናቸው በቅሎ ይዘው የመጡት። ከፊት የሚመራት አምና የከሰስኩት ገበሬ ነበር። ዛሬም ሰላም አላለኝም፤ ጋሽ ተክሌን ግን እንደ ዕንቁላል ተሸክሞ ነው በቅሎዋ ላይ ያስቀመጠው። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፣ አንገቱን ነቀነቀ።

ኅዳር 29፣ ደብረ ብርሃን

አጥንቱ ተሰብሯል፤ ሐኪሙ ግን ስብራቱ ከቦታው ብዙ አልሄደም፣ ጥሩ ታስሯል አለ። በጄሶ ጠቀለሉት። እግሩ ይድናል። ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ተክሌ ከአልጋው ሆኖ «ዛቢያውን እንዳይጥሉት! የሰው ነው» ብሎ አስታማሚውን ሁሉ አስጨነቀ። አሁን ከብረቱ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ጫፉ ወጥቶ።

ማታ ላይ ኃላፊው ደወለ። ስለ ጋሽ ተክሌ ሊጠይቅ ነው ብዬ ቶሎ አነሳሁ። «ወይዘሮ አስናቀች፣ ነገ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። መሣሪያውን በፎቶ እናሳያለን። ዛቢያ ያለው የእርስዎ ብቻ ነው አሉ፣ ይዘውት ይምጡ።»

እግሩ እንዴት ሆነ እንኳ አላለም።

ኅዳር 30፣ ሚኒባስ ውስጥ

ሄድኩ። ግቢው በጠረጴዛ ልብስ አጊጧል። ብልጭልጯ ዕቃ ቀይ ጨርቅ ላይ ተዘርግታለች፣ ቡሽ መንቀያዋ ቀጥ ብሎ ወጥቶ። እንግዶቹ ቆመዋል፣ ፎቶ አንሺው ተዘጋጅቷል። ኃላፊው እየሳቀ እጁን ዘረጋ። እኔም ብረቱን አወጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በዘይት ወረቀቱ ጠቅልዬው ነበር፣ እንደሰጡኝ።

ፈታው። በቀዳዳው አየኝ ማለት ይቻላል።

«ዛቢያውስ?» አለ።

«ዛቢያማ እዚሁ ትሠራላችሁ» አልኩት።

ከእንግዶቹ አንዷ ሴትዮ «እንዴት ነው፣ ያለ ዛቢያ ነው የሚሰጣቸው?» ብላ ጠየቀች። ኃላፊው መልስ መስጠት ጀመረ። አልጠበቅሁም። ያንን ወረቀትም አልፈረምኩም። ወሩ ዛሬ አለቀ፣ ውሌም አብሮ፤ ይታደስ አይታደስ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ስትሰማ ምን ትል ይሆን? ጋሽ ተክሌ በስልክ «ደግ አደረግሽ» ብሎኛል፣ እሱ ግን ጡረታ ወጪ ነው።

ሚኒባሱ ሞልቷል። ዛቢያው ጉልበቴ ላይ ተጋድሟል፣ አጠገቤ ያለው ሰው «ይኼ ምንድነው፣ ወደዚያ አድርጊው» እያለ ይነጫነጫል። አላደርገውም። ነገ አሊዩ አምባ እወርዳለሁ። ጋሽ ሁሴን እንጨት ሳይፈልጡ እየጠበቁኝ ነው።