ከአማቴ ጋር የተቀበረው ስም

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ ኅዳር ፲፬

ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ አማቴ «አለምዘውድ» ብለው ስም አወጡልኝ። በእሱ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጆቻቸውን ቀብረው፣ የልጅ ልጅ ድረው፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ሲጠፋቸው እንኳ ስሜን አልሳቱትም። ሲቀበሩ ስሙም አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ከልጅ ልጄ ጋር ደጅ ፀሐይ ስንሞቅ ዋልን። እናቷ ጅዳ ናት። ልጅቱ የተወለደችው አማቴ ካረፉ በኋላ ነው፤ አፏን ገና መፍታቷ። ድንገት ባዶውን የአማቴን መደብ እያየች፣ ሳትኮላተፍ፣

«አለምዘውድ፣ በርዷቸዋል» አለችኝ።

አንቱታውንስ ማን አስተማራት? ቢስሚላህ ብዬ የአማቴን ጋቢ አወጣሁና መደቡን አለበስኩት።

አሁን ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች። ጋቢውን ላነሳ ብሄድ ውስጡ ይሞቃል።